ቡናው ስንት ሰዓት፣ ክኒኑ ስንት ሰዓት? የዕለት መድኃኒትና ቫይታሚን ሰዓት አወጣጥ ዝርዝር መመሪያ

አንዲት እናት የእንቅርት መድኃኒታቸውን ከአንድ ዓመት በላይ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ወስደዋል። የደም ምርመራቸው ግን አልስተካከል ብሎ ሐኪማቸው መጠኑን ሦስት ጊዜ ጨመሩ። በአራተኛው ማዘዣ ወደ መስኮቴ ሲመጡ «እማማ፣ በምንድን ነው የሚውጡት?» አልኳቸው። «በአቦሉ ነዋ ልጄ! ባዶ ውኃ መች ይወርድልኛል?» አሉኝ።

መድኃኒት ቤት ቆሜ በየሳምንቱ የምሰማው «አልሠራልኝም» ብዙ ጊዜ መነሻው እንዲህ ያለ ነው። ክኒኑ ደህና ነው፣ በሽተኛውም ታዛዥ ነው፤ ስሕተቱ ያለው ሰዓቱና አብሮት በገባው ነገር ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት በየቀኑ ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ወይም ቫይታሚን ለሚወስዱና ለወላጆቻቸው ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ይህ መመሪያ የሚነካው ሰዓትን ብቻ ነው። መጠን አይጨምሩ፣ አይቀንሱ፣ አያቋርጡ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ)፣ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል (የልብና የግፊት)፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የኤችአይቪ መድኃኒት በድንገት ሲቆሙ ትልቅ ጉዳት ያደርሳሉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ካለብዎ፣ ወይም መድኃኒቱ የሚሰጠው ለሕፃን ከሆነ፣ የሚያዘጋጁትን ዝርዝር ሥራ ላይ ሳያውሉ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ያሳዩ።

አንድ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ማንም የማይረብሽዎ አንድ ሰዓት ያዘጋጁ።

ደረጃ 1፦ ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ

በፌስታል ያለውን፣ በመሳቢያ ያለውን፣ በቦርሳ የቀረውን፣ ከፍራሽ ሥር የተወሸቀውን ጭምር ያምጡ። ከውጭ አገር በዘመድ የተላኩ ቫይታሚኖች እንዳይረሱ። ሰው መድኃኒት ሲባል የታዘዘለትን ብቻ ይቆጥራል፤ ብዙውን ግጭት የሚፈጥሩት ግን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጡት ትልልቅ ጠርሙሶች ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሚጠጡት ተልባና አብሽም በዝርዝሩ ይግቡ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ እንመጣበታለን።

ለእያንዳንዱ እነዚህን ይጻፉ፦ ስሙ፣ ጥንካሬው (ሚሊግራሙ)፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለምን ሕመም እንደታዘዘ።

ከዚያ ሁለት ነገር ያጣሩ።

ድግግሞሽ፦ አንድ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ሊገኝ ይችላል። ከትልቁ ስም በታች በትንሹ የተጻፈውን ያነጻጽሩ። በጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ፓራሲታሞል ይኖራል፤ እርስዎ ደግሞ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ለብቻው እየወሰዱ ይሆናል። የተደጋገመ ካገኙ ወደ ፋርማሲስት ይዘው ይሂዱ።

የማብቂያ ቀን፦ ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 08/2026 የሚል መድኃኒት የሚያበቃው በእኛ ነሐሴ 2018 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ነው። «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብለው መደርደሪያ ላይ ያቆዩትን አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ፖስታው ላይ ያለውን በትክክል ያንብቡ

1×1 ማለት አንድ ፍሬ በቀን አንድ ጊዜ፣ 1×2 አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ፣ 1×3 አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። «1×3» ሲባል «አንዱን ክኒን ለሦስት ቀን» ብሎ የተረዳ ሰው ስለገጠመኝ ነው ይህን የምጽፈው።

«በቀን ሦስት ጊዜ» ሲባል ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ በሰዓት ልዩነት ነው ወይስ በምግብ? ይህችን ጥያቄ መስኮቱ ላይ ሳይጠይቁ አይሂዱ። እንደ አሞክሳሲሊን ያለ ፀረ ባክቴሪያ በየ8 ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4 ሰዓት። ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ብለው ጠዋት 2፣ ከቀኑ 7 እና ማታ 1 ሰዓት ላይ ቢወስዱት ክፍተቶቹ 5፣ 6 እና 13 ሰዓት ይሆናሉ። በዚያ በ13 ሰዓቱ የሌሊት ክፍተት መድኃኒቱ በደምዎ ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ደግሞ በተቃራኒው ምግቡን ይከተላል፤ እራቱ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ክኒኑም አብሮት ይዘግያል።

ሦስቱ የምግብ ቃላት

- «በባዶ ሆድ»፦ ምግብ ከመብላትዎ 1 ሰዓት በፊት፣ ወይም በልተው ከጨረሱ 2 ሰዓት በኋላ።
- «ከምግብ በፊት»፦ ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ። የስኳር መድኃኒቱ ግሊቤንክላማይድ ግን ቁርሱ ገበታው ላይ ከቀረበ በኋላ ነው የሚዋጠው።
- «ከምግብ በኋላ»፦ እጅዎን እንደታጠቡ፣ ወዲያው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ካስታወሱት ሆድዎ እንደገና ወደ ባዶነት እየተመለሰ ነው።

የሰዓት አቆጣጠር ወጥመድ

ወረቀትዎ ላይ «8 ሰዓት» ብቻ ብለው አይጻፉ። «ከቀኑ 8» ወይም «ማታ 8» ይበሉ። የስልክዎ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ጠዋት 12 ማለት 6፡00፣ ከቀኑ 8 ማለት 14፡00፣ ማታ 4 ማለት 22፡00 ነው። ውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይህ ከባድ ነገር ነው። ልጅ ወረቀት ላይ «በ8» ብላ ጽፋ ወደ ሥራ ትወጣለች፤ ያሰበችው የጠዋቱን የፈረንጅ 8፣ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓትን ነው። እናት ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት እስኪሆን ይጠብቃሉ። ስድስት ሰዓት ጠፋ። እንዲህ ባለው ቤት ከቁጥሩ ይልቅ «ቁርስ እንደበሉ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የራስዎን ቀን ይሳሉ

ወረቀቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩና በእውነት የሚኖሩትን ቀን ያስፍሩበት፦ የሚነቁበት፣ ቁርስ፣ የጠዋት ቡና፣ ምሳ፣ የከሰዓት ቡና፣ እራት፣ መኝታ። መኖር የሚፈልጉትን ቀን አይጻፉ። ቁርስ የማይበሉ ከሆነ «ቁርስ» ብለው አያስፍሩ።

ቡናን በደንብ ያስፍሩ፤ አቦሉ ስንት ሰዓት ይቀዳል፣ በረካው ስንት ሰዓት ያልቃል? ቡና ለብዙ መድኃኒት ጠላት ነው። በሌላ በኩል ግን ከቤታችን ልማድ ሁሉ ሰዓቱን የሚያከብር እሱ ነው፤ ምሳ የሚዘልል ሰው ቡናውን አይዘልም። ስለዚህ ክኒኖቹን ከቡናው እያራቅን በቡናው ሰዓት እንለካቸዋለን።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቶቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጡ

ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ ግትር የሆኑትን፣ መጨረሻ ላይ ለማንኛውም ሰዓት የሚመቹትን ያስገቡ። ከቀላሉ ከጀመሩ ለግትሮቹ ቦታ ያጣሉ።

4.1 በባዶ ሆድ የሚገቡት

ሊቮታይሮክሲን (የእንቅርት)፦ እንደነቁ በንጹሕ ውኃ። ከዚያ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቡናም፣ ሻይም፣ ቁርስም የለም። እኔ 1 ሰዓት እላለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያልኩት ሰው አሥር ደቂቃ ያደርገዋል። ጠዋት ፈጽሞ የማይመችዎ ከሆነ እራት ከበሉ 3 ሰዓት ያህል ቆይተው ከመኝታ በፊት መውሰድ ይቻላል፤ ይህን ለሐኪምዎ ነግረው ያድርጉት።

ኦሜፕራዞል (የጨጓራ)፦ ከቁርስ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በፊት። ሲያቃጥልዎ ብቻ ምግብ በልተው የሚውጡት ከሆነ ሥራውን እንዲሠራ ዕድል አልሰጡትም። ምግብ የጨጓራውን አሲድ አመንጪዎች ሲቀሰቅስ ክኒኑ ቀድሞ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። የእንቅርት መድኃኒትም ካለዎ፣ የጨጓራው አሲድ ሲቀንስ የእንቅርቱ ክኒን በደንብ ላይሰርግ ስለሚችል ሁለቱንም እንደሚወስዱ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

አሌንድሮኔት (የአጥንት መሳሳት)፦ ጠዋት፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ አይብሉ፣ አይተኙ። ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል።

ሪፋምፒሲን ያለበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፦ በባዶ ሆድ። ካቅለሸለሸዎ በራስዎ ከማቋረጥ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው ይንገሩ፤ በጥቂት ምግብ እንዲወስዱት ሊፈቅዱልዎ ይችላሉ።

4.2 ከምግብ ጋር የሚገቡት

ሜትፎርሚን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ፕሬድኒሶሎን። የመጀመሪያው ሆድ ያበጣብጣል፤ ሌሎቹ ጨጓራን ይጎዳሉ። ፕሬድኒሶሎን በቀን አንድ ጊዜ ከታዘዘ ከቁርስ ጋር ይሁን፤ ማታ ከወሰዱት እንቅልፍ ይነሳዎታል።

ቫይታሚን ዲ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሻላል። የጾም ወቅት ከሆነ ዘይት ያለበት ሽሮ፣ አቮካዶ ወይም ኦቾሎኒ በቂ ነው፤ ቅባት ሲባል ሥጋና ቅቤ ብቻ አይደለም።

የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም እዚህ ይግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከጀመሩ ሁለተኛው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይውላል። ትኩሳቱ በርዶልዎት ሊተኙ ይችላሉ፤ ማንቂያ ደወል ሞልተው ይነሱ። በወሰዱ በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎ ያንኑ ዙር ይደግሙታል፤ የጎደለውን ፍሬ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ይጠይቁ።

4.3 ጠዋት የሚገቡት

የሽንት ክኒኖች (ፉሮሰማይድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) ጠዋት ናቸው። ፉሮሰማይድ በቀን ሁለት ጊዜ ከታዘዘ ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ አድረው «ይህ መድኃኒት አይስማማኝም» ብለው ያቆሙትን አዛውንት በየወሩ አያለሁ። ሌሊት በጨለማ መነሣት ደግሞ ለመውደቅ ይዳርጋል።

4.4 ማታ የሚገቡት

ሲምቫስታቲን ማታ ነው፤ ጉበት ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነና ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ። አቶርቫስታቲን ግን ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ሰዓት አይመርጥም። አሚትሪፕቲሊንና እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖች ማታ ይሁኑ፤ የሚያሽከረክሩ ከሆነ በተለይ።

4.5 ሰዓት የማይመርጡት

አምሎዲፒን፣ ኤናላፕሪልና አብዛኞቹ የግፊት ክኒኖች። «የግፊት መድኃኒት ማታ ነው የሚሻለው» የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመና በብሪታንያ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ግን ጠዋትና ማታ በወሰዱት መካከል በልብ ድካም፣ በስትሮክና በሞት ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ የማይረሱትን ሰዓት ይምረጡና በዚያው ይጽኑ።

4.6 የማይገናኙት

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት።

ብረት (አይረን)። የደም ማነስ ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት ይህ ክኒን በባዶ ሆድ ሲሆን በደንብ ይሰርጋል፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን ያግዘዋል። ቡናና ሻይ ግን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳያልፍ ያደርጉታል። ከቡናም ከሻይም በፊትና በኋላ 2 ሰዓት ያርቁት። ወተትና ካልሲየምም እንዲሁ። ካቅለሸለሸዎ ከመተው ይልቅ በትንሽ ምግብ ወይም ከመኝታ በፊት ይውሰዱት። ዓይነ ምድርዎ ቢጠቁር አይደንግጡ፤ የብረቱ ቀለም ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚሸት ከሆነ ግን ደም ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ካልሲየም። ካልሲየም ካርቦኔት የሚለው ከምግብ ጋር ይወሰዳል። በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊግራም በላይ አይሰርግምና በቀን ሁለት የታዘዘልዎትን በአንዴ አይውጡ። ከብረት ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ከእንቅርት መድኃኒት ቢያንስ 4 ሰዓት ያርቁት። ብረትም ከእንቅርት መድኃኒት በ4 ሰዓት ይራቅ። ከውጭ የመጣው «ሁሉን አቀፍ» ቫይታሚን ብዙ ጊዜ ብረትም ካልሲየምም አለበት፤ መለያውን ያንብቡና እንደ ብረት ይቁጠሩት።

ሲፕሮፍሎክሳሲን። ከብረት፣ ከካልሲየምና ከጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። በወተት ወይም በእርጎ አይዋጥ። ዶክሲሳይክሊንም ከእነዚሁ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይራቅ።

ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት። ከጨጓራ ሽሮፕ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ። ከብረትና ከካልሲየምም እንዲሁ፤ ወይም መድኃኒቱን ከብረቱ ወይም ከካልሲየሙ ጋር በአንድ ላይ፣ ከሙሉ ምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል።

ተልባና አብሽ። ሲበጠበጡ የሚወፍረው ዝልግልግ ፈሳሻቸው ክኒኑን ጠቅልሎ ሊያዘገየው ይችላል። መድኃኒቱን ቀድመው ይውሰዱ፤ ተልባው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይጠብቅ። አብሽ በተጨማሪ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪም ሳይነግሩ አይጀምሩት።

የተሠራ ምሳሌ

የእንቅርት፣ የግፊት፣ የብረት፣ የካልሲየምና የኮሌስትሮል መድኃኒት የታዘዘላት ሴት ቀን እንዲህ ይወጣል፦

- ጠዋት 12 ሰዓት፦ ሊቮታይሮክሲን በንጹሕ ውኃ
- ጠዋት 1 ሰዓት፦ ቁርስና አምሎዲፒን፤ ቀጥሎ ቡና፣ እስከ 2 ሰዓት ተኩል
- ረፋድ 5 ሰዓት፦ ብረት በብርቱካን ጭማቂ (ከእንቅርቱ 5 ሰዓት፣ ከቡናው 2 ሰዓት ተኩል ርቋል)
- ከቀኑ 7 ሰዓት፦ ምሳ፤ ቡና ከ7 ሰዓት ተኩል በኋላ
- ማታ 1 ሰዓት፦ እራት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ
- ማታ 4 ሰዓት፦ አቶርቫስታቲን

አምስት መድኃኒት ከነቫይታሚን ዲው፣ ሁለት ቡና፣ ምንም ግጭት የለም። የእርስዎ አልገጥም ካለ ብረቱን ያንቀሳቅሱ እንጂ እንቅርቱን አይንኩ።

ደረጃ 5፦ የጾም ቀናትን ለብቻ ያውጡ

የሳምንቱ ሠንጠረዥ ረቡዕና ዓርብ ላይ የሚፈርስ ከሆነ ሠንጠረዥ አይባልም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ለእነዚያ ቀናት ሁለተኛ ወረቀት ያስፈልግዎታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ወስደው ምግብ ሳይበሉ አይቆዩ። ስኳርዎ እጅግ ወርዶ ሊጥልዎት ይችላል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼኹ ጋር ይነጋገሩ። ሐኪምዎን ደግሞ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያግኙ። ከገባ በኋላ ሲመጡ ለማስተካከል ጊዜ የለም።

በረመዳን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሑር ሊገባ ይችላል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደው አይገባም፤ ሦስቱን በሌሊቱ አያጨናንቁ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ ምትክ ካለ ይጠይቁ።

ስኳር ከወረደ፦ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት። ጾሙን ወዲያው ያቋርጡ። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፤ ካልተሻለ ይድገሙ፤ ከዚያ ምግብ ይብሉ። ሰውየው ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ጸበል ለሚጠጡ አንድ ነገር ልጨምር። ጸበል ጠጥተው የሚያስመልሱ ከሆነ ቀድመው የዋጡት ክኒን አብሮ ይወጣል። ጸበሉን አስቀድመው ሆድዎ ሲረጋጋ መድኃኒቱን ይውሰዱ።

ደረጃ 6፦ አዋዋጡን ያስተካክሉ

ቀጥ ብለው ተቀምጠው ወይም ቆመው፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ። ጋደም ብለው በአንድ ጉንጭ የዋጡት ዶክሲሳይክሊን ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ለቀናት ምራቅ እስከማያስውጥ ድረስ ያቆስላል፤ ከዋጡ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ።

ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ የተሠራ ክኒን አይስበሩ፣ አይፍጩ፣ አያኝኩ። የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቅብዎታል። ስሙ ቀጥሎ «ኤስ አር»፣ «ኤክስ አር» ወይም «ሪታርድ» የሚል ካለበት እንዲህ ያለ ነው። መሐሉ ላይ መስመር የሌለውን ማንኛውንም ክኒን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ማስታወሻውን ከማስታወስዎ ውጭ ያድርጉ

የሳምንት የመድኃኒት ሳጥን ይግዙ፤ ካጡ ሰባት ትናንሽ ፖስታ በቂ ነው። እሑድ ማታ ይሙሉት። ዋናው ጥቅሙ «ወስጃለሁ ወይስ አልወሰድኩም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠቱ ነው፤ የዛሬው ክፍል ባዶ ከሆነ ወስደዋል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። እርጥበት የማይስማማቸውና ከማሸጊያቸው መውጣት የሌለባቸው መድኃኒቶች ስላሉ ሳጥኑን ከመሙላትዎ በፊት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

የስልክ ደወል ይሙሉ፤ ደወሉ ላይ የመድኃኒቱን ስም ይጻፉበት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳልና ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድ ክኒን (ለምሳሌ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዝ ሜቶትሬክሴት) ካለዎ ከዕለቱ ሳጥን ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ይህን መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ ይገድላል። ቀኑን በቃል ይጻፉ፦ «ሰኞ ብቻ»።

ደረጃ 8፦ ነገሩ ሲበላሽ

ረስተው ሰዓቱ ካለፈ፦ ከሁለቱ ሰዓታት መሐል ግማሹ ካላለፈ አሁኑኑ ይውሰዱ፤ ካለፈ ይዝለሉትና የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይውሰዱ። በቀን አንዴ ለሚወሰድ 12 ሰዓት፣ ሁለቴ ለሚወሰድ 6 ሰዓት፣ ሦስቴ ለሚወሰድ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ዙር በአንዴ አይውሰዱ። ይህ ደንብ ለኢንሱሊን፣ ለስኳር ክኒን፣ ለደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንና ለወሊድ መከላከያ አይሠራም፤ የየራሳቸው ደንብ አላቸውና አስቀድመው ጠይቀው ወረቀቱ ላይ ይጻፉት።

መውሰድዎን ከተጠራጠሩ፦ አይድገሙ። አንድ ዙር መጉደሉ ሁለት ከመደራረቡ የሚሻልበት ጊዜ ይበዛል።

ደግመው ከወሰዱ፦ ኢንሱሊን፣ የስኳር ክኒን፣ ዋርፋሪን ወይም የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን ከሆነ እስኪያምዎ አይጠብቁ፤ ማሸጊያውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሌላም ከሆነ ለፋርማሲስት ይደውሉ።

ሊያልቅ ከሆነ፦ የሰባት ቀን ሲቀር ይግዙ። ገበያ ላይ ከጠፋ ከጎረቤት የሚመስለውን ክኒን አይዋሱ፤ ወደ ሐኪም ተመልሰው ምትክ ያስጽፉ።

ጉዞ ከሄዱ፦ መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ኢንሱሊንና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከመብረራቸው በፊት ሐኪማቸው የሰዓት ሽግግሩን ይጻፍላቸው።

ደረጃ 9፦ ካስተካከሉ በኋላ ይመርመሩ

ይህን ደረጃ ማንም አያስብበትም። ሰዓቱ ሲስተካከል ያው መድኃኒት በረታ ማለት ነው። በቡና ሲባክን የነበረው ክኒን አሁን ሙሉ በሙሉ ይሰርጋል፤ መጠኑ ግን የተጨመረው በሚባክንበት ዘመን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሰዓቱን ቀይሬያለሁ» ብለው ለሐኪምዎ ይንገሩ። ግፊትዎን ለሁለት ሳምንት በተመሳሳይ ሰዓት እየለኩ ይመዝግቡ። የእንቅርት መድኃኒት ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የደም ምርመራው ይደገም። ከዚያ በፊት ልብዎ መምታት ካበዛ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበዎ፣ እንቅልፍ ካጡ ወይም ክብደትዎ ከቀነሰ ቀጠሮውን አይጠብቁ።

እናታችን ክኒኑን ጠዋት 12 ሰዓት በውኃ፣ አቦሉን 1 ሰዓት ላይ ማድረግ ጀመሩ። በሁለተኛው ወር ሲመጡ ማዘዣቸው ላይ የነበረው መጠን ቀንሶ ነበር። «ቡናዬንስ አልነካችሁትም አይደል?» አሉኝ፣ ከረጢቱን እያጠፉ።